የአሥር ሳንቲሙ ጠረጴዛ

ላስ ቬጋስ ውስጥ በዲለርነት የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሌሊቱን ለእንግዳ ካርታ ሲበውዝና ሲያድል አድሮ ሲነጋጋ ቤቱ ይገባል። ሻዩን ጠጥቶ እንቅልፍ እስኪመጣለት ድረስ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ ራሱ ይጫወታል። «ምግብ ቤት ወጥ ስትሠራ አድረህ፣ ቤትህ ገብተህ ሽንኩርት መክተፍ አይሰለችህም?» ስለው ይስቃል እንጂ አይመልስልኝም። ለእናቱ የነገራት «ሆቴል ነው የምሠራው» ብሎ ነው። አገር ቤት ላለች እናት ካርታ የሚያድል ልጅና ቁማርተኛ ልጅ አንድ ናቸው።

ይህ ወዳጄ የኢንተርኔት ፖከር ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር። በፈረንጆች ገና ሰሞን ተመለሰ። 50 ዶላር አስገብቶ ትንሹ የግድ መደብ አምስት ሳንቲም፣ ትልቁ አሥር ሳንቲም ከሆነበት ጠረጴዛ ተቀመጠ። እዚያ ሙሉ ሒሳብ ይዞ ለመቀመጥ አሥር ዶላር ይበቃል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደወለልኝ።

«ስማ፣ እነዚያ ሰዎች የሉም።»

«የትኞቹ?»

«ድሮ ዝም ብለው የሚከፍሉት ናቸዋ!»

ከዕረፍት የሚመለስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። እጄ ፈዟል፣ ትዕግሥቴ አልቋል፣ ጨዋታው ጠፍቶብኛል ይላል። ወዳጄ ግን ሳያውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው ያነሣው። የጠፋው የእሱ ችሎታ አይደለም፤ የጠፋው ጠረጴዛው ነው። በትዝታው ውስጥ ያለው የአሥር ሳንቲም ጠረጴዛና ዛሬ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሌላ ሌላ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወደ ላይ የሚያደርስ መሰላል ይመስል ነበር፤ የአሁኑ በሰዓት የሚከፈልበት መዝናኛ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ሒሳቡንም ታሪኩንም መበርበር ያስፈልጋል። ዓመታቱንም ቀናቱንም የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቋንቋችን ስለ ቁማር የሚናገርበት አንድ ቃል አለው፤ መብላት። ያሸነፈ በላ፣ የተሸነፈ ተበላ። ለሎተሪም፣ ለኳስ ውርርድም፣ ሰፈር ውስጥ ለሚጫወቱት ኮንከርም ያው ቃል ነው። ፖከር ላይ ግን ቃሉ ይበልጥ ቃል በቃል ይሠራል። የስፖርት ውርርድ ቤት ትኬት የቆረጠ ሰው የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው፤ ዋጋውንም የሚያወጣው ቤቱ ነው። ፖከር የሚጫወት ሰው የሚበላው ከጎኑ የተቀመጠውን ነው፤ ቤቱ ማን ማንን እንደበላ ግድ የለውም። ከእያንዳንዱ ማዕድ ላይ የራሱን ቁራሽ ያነሣል፤ ይህንን ሬክ ይሉታል። ስለዚህ ፖከር የሚያዋጣው አንድ ነገር ሲሟላ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካንተ የባሰ ሰው መኖር አለበት፤ የባሰውም በቤቱ ቁራሽ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

እነዚያ የባሱ ሰዎች የመጡበት ዘመን ይታወቃል። በእውነተኛ ገንዘብ የመጀመሪያው የኢንተርኔት ፖከር የተጀመረው በ1998 መግቢያ ፕላኔት ፖከር በሚባል ድረ ገጽ ላይ ነበር። ለብዙ ሰው ግን ፖከር የተወለደው በ2003 ነው። ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴኔሲ ሰው፣ 27 ዓመቱ የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፖከርስታርስ ላይ በ86 ዶላር የማጣሪያ ውድድር አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የሚባለውን ዓመታዊ ውድድር ዋና ጨዋታ ተቀላቀለ። መደበኛ መግቢያው 10,000 ዶላር ነው። ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰብ ስሙ ራሱ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት መሆኑ ማስታወቂያ ነጋዴ ቢፈጥረው ማንም የማያምነው ነገር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ውድድር 8,773 ሰዎች ተሰለፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ደግሞ ሶፋው ላይ ሆኖ አምስት ዶላር፣ አሥር ዶላር እያስገባ ገባ። አብዛኛው ጨዋታውን የሚያውቀው ከቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚያሳየው ድራማ ያለበትን ዙር ብቻ ነው። ካርታውን ሰብስቦ ማለፍን አያሳይም። ሰዉም አያልፍም ነበር፤ ይከፍላል። ወዳጄ «ዝም ብለው የሚከፍሉት» የሚላቸው እነዚህ ናቸው።

የመሰላሉ ሐሳብም ያኔ ነው ሥጋ የለበሰው። ክሪስ ፈርጉሰን በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክተር የሆነ፣ ፀጉሩን አስረዝሞ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ በ2000 ያንኑ ትልቁን ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። በ2006 ከባዶ ተነሥቼ፣ ከኪሴ አንዲት ሳንቲም ሳላወጣ፣ በነፃ ውድድሮች ጀምሬ 10,000 ዶላር እደርሳለሁ አለ። ሕጉንም አስቀመጠ። ካለው ገንዘብ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ከ10 በመቶ ካለፈ ይነሣል። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት፣ ግን ደረሰ። በዝቅተኛ ገንዘብ የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ወዳጄም ሕጉን ወረቀት ላይ ጽፎ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፎት ነበር። እኔም አይቼዋለሁ፤ በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር።

ፈርጉሰን መሰላሉን የወጣው ፉል ቲልት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ከባለድርሻዎቹም አንዱ ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን 2011 አርብ ነበር። ተጫዋቾች ድረ ገጾቹን ሲከፍቱ ያገኙት የኤፍቢአይን ማኅተም ነው። የኒው ዮርክ ደቡባዊ አውራጃ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ፖከርስታርስን፣ ፉል ቲልትንና አብሶሉት ፖከርን ከሰሰ። በ2006 የወጣ ሕግ ባንኮች ለሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር ገንዘብ እንዳያስተላልፉ ከልክሎ ነበር፤ ክሱ ኩባንያዎቹ ባንኮችን አታልለው ገንዘቡን አዘዋውረዋል የሚል ነው። ፖከርስታርስ የአሜሪካ ደንበኞቹን ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ መመለስ ጀመረ። ፉል ቲልት ግን የሚመልሰው አልነበረውም። ዐቃቤ ሕግ በመስከረም በተሻሻለው ክስ እንዳለው፣ ኩባንያው በመላው ዓለም ለተጫዋቾቹ 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ሲኖርበት ባንክ ያለው 60 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ለዳይሬክተሮችና ለባለድርሻዎች በዓመታት ውስጥ 440 ሚሊዮን ያህል ተከፍሏል አለ። በክሱ ከተጠቀሱት መካከል ፈርጉሰን አለ። በ2013 ጥፋት ሳያምን ከመንግሥት ጋር ተስማማ።

እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያነበው እንደ ማጭበርበር ታሪክ ብቻ ነውና። በእኔ እይታ ለዝቅተኛው ተጫዋች የበለጠ ነገር ይነግረዋል። በ5 በመቶ ሕግ ሳንቲም ሳንቲም የሰበሰበ፣ ተናድዶ ያልተጫወተ፣ ሕጉን ሁሉ የጠበቀ ሰው ነበር። ገንዘቡ ግን የነበረው ስክሪን ላይ ነው። ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር ደግሞ ዕቁብ ሰብሳቢው ደብተር ላይ እንዳለ ስም ነው፤ ዋጋው በሰብሳቢው ልክ ነው። ፖከርስታርስ በ2012 ከመንግሥት ጋር በ731 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ የፉል ቲልትን ንብረት ወሰደ፤ ለተጫዋቾቹ የሚመለሰውም ከዚያው ወጣ። የአሜሪካ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ክፍያ ያገኙት በየካቲት 2014 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል። የአብሶሉት ደንበኞች ደግሞ እስከ 2017 ጠብቀዋል። ወዳጄ ፉል ቲልት ላይ 212 ዶላር ነበረው። ገንዘቡ ሲመለስለት ተጫዋችነቱ አብሮ አልተመለሰም፤ የመጀመሪያው ዕረፍቱ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው በሕግ ተመለሰ፣ ግን በየክልሉ ተቆራርጦ። በ2011 መጨረሻ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ1961 የወጣ አንድ አሮጌ ሕግ የሚመለከተው የስፖርት ውርርድን ብቻ ነው የሚል አስተያየት ይፋ አደረገ፤ ለክልሎች በሩ ተከፈተ። ኔቫዳ በሚያዝያ 2013 የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ኒው ጀርሲና ደላዌር በዚያው ዓመት ተከተሉ፤ ፔንስልቬንያና ሚሺጋን ዘግይተው መጡ። አሁን ለመጫወት ኩባንያው የት እንዳለህ ማወቅ አለበት። ወዳጄ ቅዳሜ ዕለት ሎስ አንጀለስ ዘመድ ጥየቃ ሲነዳ የካሊፎርኒያን ድንበር እንዳለፈ ጠረጴዛው ይዘጋበታል። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት ፖከር የላቸውም። እዚያ ያለ ሰው ከ2016 ጀምሮ በዋሽንግተን ዳርቻ ወደተከፈተው ትልቅ ካዚኖ ሄዶ በአካል ይቀመጣል፤ እዚያ ደግሞ አሥር ሳንቲም የሚባል ጠረጴዛ የለም።

መቆራረጡ የበለጠ የጎዳው ታችኛውን ተጫዋች ነው። ትልቅ ገንዘብ የሚጫወት ሰው ጥቂት ቢሆንም የሚጠብቀው ጠረጴዛ አለው፤ የአሥር ሳንቲም ጠረጴዛ ግን የሚኖረው በብዛት ነው። ኔቫዳና ደላዌር በ2014 ተጫዋቾቻቸውን ለማገናኘት ተስማሙ፤ በ2017 ኒው ጀርሲ፣ በ2022 ሚሺጋን፣ በ2025 ፔንስልቬንያ ስምምነቱን ተቀላቀሉ። ወዳጄ ዛሬ ንጋት ላይ ሲቀመጥ ከፊላደልፊያና ከዲትሮይት ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡ ሰዎችን ያገኛል። እነዚህ ክልሎች ከመቀላቀላቸው በፊት ቢሆን በዚያ ሰዓት የሚያገኘው ባዶ ወንበር ይበዛ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ስድስት ሰዎች የአሥር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዳቸው አሥር ዶላር ይዘው ተቀመጡ እንበል፤ ጠቅላላው 60 ዶላር። ስድስቱም እኩል ይጫወታሉ። ቤቱ በተለምዶ ከማዕዱ 5 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ አራት ዶላር የተከመረበት ዙር ላይ 20 ሳንቲም ማለት ነው። የጋራ ካርታ ሳይገለጥ ያለቀ ዙር ላይ ብዙ ጊዜ አይወስድም። በአማካይ በዙር አራት ሳንቲም ቢነሣ፣ በሰዓት 75 ዙር ቢጫወቱ፣ በሰዓት ሦስት ዶላር ይሄዳል። 20 ሰዓት ሲሞላ ስድስቱም ባዶ ናቸው። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም አልተናደደም፤ ማንም አልሰረቀም። ዕቁብ ቢሆን የገባው ሁሉ ተራ ጠብቆ ይወጣል። ይህኛው ዕጣ በወጣ ቁጥር ሰብሳቢው አንድ ጭልፋ የሚቀዳበት ዕቁብ ነው።

ይህን ከአንድ ሰው አንጻር እንየው። በዙር አራት ሳንቲም ለስድስት ሲካፈል አንዱ ተጫዋች በ100 ዙር 67 ሳንቲም ያህል ለቤቱ ይከፍላል። ጎበዝ የሚባል የዝቅተኛ ጠረጴዛ ተጫዋች ከዚህ ሁሉ በኋላ በ100 ዙር 30 ሳንቲም ቢተርፈው ደስ ሊለው ይገባል። አራት ጠረጴዛ ባንድ ጊዜ ከፍቶ በሰዓት 300 ዙር ቢጫወት ለቤቱ ሁለት ዶላር ከፍሎ ለራሱ 90 ሳንቲም ይዞ ይነሣል። የኔቫዳ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12 ዶላር ነው። ይህ እንግዲህ ከተሳካለት ነው።

የተሳካለት መሆኑንስ በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ነው የድሮው ትዝታ ክፉኛ የሚያታልለው። የፖከር ውጤት በጣም ይዋዥቃል። ሁለት አሶች ይዘህ ሁለት ንጉሦች ከያዘ ሰው ጋር ገንዘብህን ሁሉ አስገባህ እንበል፤ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ ከመቶ ወደ 18 ጊዜ ትበላለህ። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ በ100 ዙር ውስጥ ያለው የተለመደ መዋዠቅ በአሥር ሳንቲም ደረጃ ዘጠኝ ዶላር ያህል ነው። ሰላሳ ሳንቲም ትርፍ ለማየት ዘጠኝ ዶላር የሚናወጥ ሚዛን ላይ ትመዘናለህ ማለት ነው።

ወዳጄ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጠረጴዛ ይጫወታል። በሳምንት 900 ዙር ይሆናል። 10,000 ዙር ለመሙላት አሥራ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል። እውነተኛ ብልጫው በ100 ዙር 30 ሳንቲም ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ 30 ዶላር ሊያተርፍ ይገባዋል፤ መዋዠቁ ግን 90 ዶላር ነው። ከመቶ 37 ጊዜ ያህል፣ በትክክል ተጫውቶም፣ ከስሮ ይገኛል። 100,000 ዙር ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ያስፈልገዋል፤ ያኔም ከሰባት አንድ ጊዜ ገደማ ጎበዙ ተጫዋች ኪሳራ ላይ ነው።

ሒሳቡን ገልብጡት። በ100 ዙር 30 ሳንቲም የሚከስር ሰውም በመጀመሪያዎቹ 10,000 ዙሮች ከመቶ 37 ጊዜ ያህል ትርፍ ያያል። ይህ ሰው በ2010 አንድ ክረምት ተጫውቶ 40 ዶላር በልቶ፣ ከዚያ ሥራ በዝቶበት የተወ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኩን «ድሮ እበላ ነበር» ይላል። አይዋሽም፤ በልቷል። ያላወቀው ነገር ቢኖር ያ ክረምት ስለ ችሎታው ምንም እንዳልመሰከረ ነው። ከዕረፍት የሚመለሱ ብዙዎች ራሳቸውን የሚለኩት በዚህ ክረምት ነው፤ ሲበሉ ተመለስኩ ይላሉ፣ ሲበሉባቸው ጨዋታው ተበላሽቷል ይላሉ። ሁለቱንም ለማለት የሚበቃ ማስረጃ በእጃቸው የለም።

ጨዋታው ግን በእርግጥ ተለውጧል፤ እዚህ ላይ ወዳጄ ትክክል ነው። በጥር 2015 የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ሰው በተወሰነ መደብ የሚጫወተውን ቴክሳስ ሆልደም እንደፈቱት አስታወቁ፤ ፕሮግራማቸውን ሴፊየስ አሉት። በዚያው ዓመት ፓዮሶልቨር የሚባል ፕሮግራም ለገበያ ቀረበ፤ ማንም ሰው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ «እዚህ ቦታ ላይ የማይሸነፈው ምርጫ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቻለ። በ2017 መጀመሪያ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ ፒትስበርግ ውስጥ አራት ባለሙያዎችን በ20 ቀን አሸነፈ። ያን ብልጫ ለማስመስከር የተጫወቱት 120,000 ዙር ነው፤ ከላይ ያለው የወዳጄ ሒሳብ ማሽንንም አይምርም። በ2019 ፕሉሪበስ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ባለሙያዎችን በለጠ።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ወሬ ነው፣ አሥር ሳንቲም ድረስ አይወርድም የሚል ሰው አለ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የወረደው ግን ማሽኑ ሳይሆን ፍርፋሪው ነው። ሶልቨሩን ነክቶ የማያውቅ የዲትሮይት ልጅ ከነፃ ቪዲዮ ላይ ከየትኛው ወንበር የትኛውን ካርታ መክፈት እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አግኝቷል፤ ሸምድዶታልም። ሠንጠረዡ ሊቅ አያደርገውም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዙሩ የሚሰጠውን ስጦታ ይቀንስበታል። ዝቅተኛው ጠረጴዛ ደግሞ የሚኖረው በዚያ ስጦታ ነበር። የቤቱ ቁራሽ ባለበት ሆኖ ስጦታው ሲሳሳ ትርፉ የሚጨመቀው ከመሀል ነው።

ከሰው አልፎ ሰው ያልሆነም አለ። በ2024 ብሉምበርግ ከሳይቤሪያ ከተማ ከኦምስክ ስለተነሣ፣ ፖከር የሚጫወቱ ቦቶች ስለሚያመርት ድርጅት ረጅም ዘገባ አውጥቷል። ቦት አይደክመውም፤ በአሥር ሳንቲም አይሰለችም፤ በሰዓት 90 ሳንቲም ለሰው ቀልድ ነው፣ ሌሊትና ቀን ለሚጫወት መቶ ቦት ግን ደመወዝ ነው። ለዚህም ነው ዝቅተኛው ጠረጴዛ ለቦት ከትልቁ ይልቅ የሚመቸው፤ ጠባቂ ዓይን ያነሰበት፣ ብዛት ያለበት ቦታ ነው። የአሜሪካ ክልሎች ፈቃድ የሰጧቸው ድረ ገጾች እዚህ ላይ ጥቅም አላቸው፤ መታወቂያና ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ይጠይቃሉ፣ የት እንዳለህ ይፈትሻሉ። ወዳጄ በዚህ ፍተሻ ሲማረር እሰማለሁ። እኔ ግን ለፍተሻው ነበር ሬክ መክፈል የምመርጠው።

ኩባንያዎቹም መሰላሉን ራሳቸው አንሥተውታል። ብዙ የሚጫወቱትን በቁራሻቸው ተመላሽ ያኖር የነበረው ትልቁ የፖከርስታርስ የሽልማት ደረጃ ከ2016 ጀምሮ ቀረ። ድረ ገጹ በ2014 በ4.9 ቢሊዮን ዶላር ተሽጦ ነበር፤ አዲሱ ባለቤት የፈለገው ገንዘብ እያስገባ የሚዝናናውን እንጂ ገንዘብ እያወጣ የሚኖረውን አልነበረም። በዚያው 2014 ስፒን ኤንድ ጎ የሚባል ጨዋታ ወጣ፤ ሦስት ሰው ይቀመጣል፣ ሽልማቱ ስንት እንደሆነ የሚወሰነው በሚሽከረከር ዕጣ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ፖከር ወደ ሎተሪ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ካርታህን በጣልክ ቅጽበት ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሚወረውርህ ፈጣን ጨዋታም ከ2010 ጀምሮ አለ። ትዕግሥት የጎበዝ ተጫዋች ዋና ብልጫ ነበር፤ አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜ ራሱ ተሰርዟል።

ግብርም አለ። በሐምሌ 2025 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ከ2026 ጀምሮ ከቁማር ትርፍ ላይ የሚቀነሰውን ኪሳራ 90 በመቶ ላይ ገድቧል። በዓመቱ 2,000 ዶላር በልቶ 2,000 ዶላር የተበላ ሰው፣ ኪሳራውን ዘርዝሮ ቢያስመዘግብ እንኳ፣ ያላገኘው 200 ዶላር እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። ዘርዝሮ የማያስመዘግበው ብዙኃኑ ደግሞ ድሮም ይህ ቅናሽ አልነበረውም። ለሳንቲም ተጫዋች ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ግን ከአምስት በመቶ ቁራሽ ጋር ሲደመር ሌላ ጭልፋ ነው።

እንግዲህ ለምን ይመለሳል? ወዳጄ መጀመሪያ የተመለሰው በ2020 ነበር። በመጋቢት የኔቫዳ ካዚኖዎች በሙሉ ተዘጉ፤ እስከ ሰኔ 4 ድረስ ያ የመብራት ጎዳና ጨለመ። ቬጋስ ያለው የእኛ ሰው ብዙው በካዚኖ፣ በሆቴልና በታክሲ የሚተዳደር ነው፤ ሁሉም ባንድ ሳምንት ቤት ዋለ። ያኔ ይጫወት የነበረው፣ እንደነገረኝ፣ ለገንዘብ ሳይሆን እጁ እንዳይቦዝን ነው። ሥራው ሲከፈት ተወው። ሁለተኛው የዘንድሮው ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሌላ ሰው ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የሚያድር ሰው፣ ሲነጋ የራሱ የሆነች ትንሽ ውሳኔ መወሰን ያምረዋል። እዚህ ልጫን ወይስ ልተው? የሚለው ጥያቄ ላይ ያለው ደስታ የውሸት አይደለም። ቼዝ የሚጫወት ሰው ስንት አተረፍክ ተብሎ አይጠየቅም። ፖከርን ያበላሸው መሰላሉ ነው፤ ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በላይ ያለው ፎቅ መታየቱ።

ዕረፍቱን ያዘዘው ሐኪም ወይም ሚስት የሆነበት ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ምክንያት አያድርገው። ለእሱ አሥር ሳንቲም አሥር ሳንቲም አይደለችም፤ ስለ ሬክና ስለ መዋዠቅ የተባለው ሁሉ እሱን አያገባውም።

ለወዳጄ ሒሳቡን ቁጭ አድርጌ ሳሳየው ዝም ብሎ አየው። ከዚያ የጠበቅሁትን አልጠየቀኝም። «ከሌሎቹ ጋር እኩል ብጫወት፣ ማለት የማጣው በ100 ዙር የቤቱን 67 ሳንቲም ብቻ ቢሆን፣ ሰዓቱ ስንት ነው የሚያስወጣኝ?» አለ። ሁለት ጠረጴዛ፣ 150 ዙር፤ ወደ አንድ ዶላር። ቬጋስ ውስጥ በአንድ ዶላር ማኪያቶ እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ደብተሩን አወጣ። ድሮ «ትርፍ» እና «ኪሳራ» ብሎ ያሰመረባቸውን ሁለት ዓምዶች ሰረዘና በላያቸው «ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ያኔ አካውንቱ ላይ የቀረው 31 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር።

«እስከ ፋሲካ ይበቃኛል» አለኝ። የፈርጉሰን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ከኮምፒውተሩ ጎን አልተነሣም። ለምን እንደተወው ስጠይቀው ማጣበቂያው የግድግዳውን ቀለም ይዞ እንዳይነሣ ነው ይላል።